የአስም ማስታገሻ ፓፍ (ሳልቡታሞል)፦ አጠቃቀሙና ጥንቃቄዎቹ

ሳልቡታሞል የጠበበ የአየር ቧንቧን በፍጥነት የሚከፍት፣ በአፍ ተስቦ ወደ ሳንባ የሚገባ መድኃኒት ነው። ብዙ ሰው «ፓፍ» ብሎ ይጠራዋል። ቬንቶሊን ከንግድ ስሞቹ አንዱ ነው። አስም ያለበት ሰው ድንገት ትንፋሽ ሲያጥረው ሕይወቱን ሊያተርፍ ይችላል። ይሁን እንጂ ሳልቡታሞል ትንፋሽን ያስታግሳል እንጂ አስሙን አያክምም። ስለዚህ በትክክል መሳቡን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ በምን ያህል ጊዜ እንደሚጠቀሙበት መቁጠርም ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ እንዴት ይሠራል?

በአስም ጊዜ በሳንባ ውስጥ ሁለት ነገር ይፈጠራል። የአየር ቧንቧዎቹ ውስጠኛ ክፍል ተቆጥቶ ያብጣል፣ አክታም ያመነጫል። በቧንቧዎቹ ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ደግሞ ይኮማተራሉ። ሳልቡታሞል የሚያላላው ጡንቻዎቹን ነው። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፤ ኃይሉም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። እብጠቱን ግን አይነካውም።

እብጠቱን የሚያበርዱት እንደ ቤክሎሜታዞንና ቡዴሶናይድ ያሉ የሚሳቡ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ናቸው። እነዚህ ተቆጣጣሪ መድኃኒቶች ይባላሉ። ሕመም ባይሰማዎትም በየቀኑ ይወሰዳሉ፤ ውጤታቸውም በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይታያል። ብዙ ታካሚዎች ተቆጣጣሪውን «ምንም አልሠራልኝም» ብለው ያቆሙና ወዲያው በሚያስታግሳቸው ሳልቡታሞል ብቻ ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ እብጠቱ ውስጥ ለውስጥ እየባሰ ይሄዳል።

ምን ያህል ሲጠቀሙ ነው በዛ የሚባለው?

አንድ የሳልቡታሞል ፓፍ አብዛኛውን ጊዜ 200 ርጭት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ርጭት 100 ማይክሮግራም ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ርጭት ለሚወስድ ሰው አንድ ፓፍ ዓመት ያህል ይበቃል። በቀን አራት ጊዜ ሁለት ሁለት ርጭት የሚወስድ ሰው ግን በ25 ቀን ይጨርሰዋል።

በዓመት ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ፓፍ መጨረስ አስሙ በድንገት የመባሱን ዕድል ይጨምራል። በዓመት 12 ወይም ከዚያ በላይ መጨረስ ደግሞ በአስም የመሞት አደጋን ከፍ ከማድረግ ጋር የተያያዘ ነው። ለዚህም ነው ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋቂዎችና ታዳጊዎች ያለ ስቴሮይድ በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ የሚመክረው።

ከሚከተሉት አንዱ ካጋጠመዎት ፓፉ ቢያስታግስዎትም ሐኪም ሊያይዎት ይገባል፦

- በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ማስታገሻ መጠቀም
- በሳል ወይም በትንፋሽ ማጠር ምክንያት ከእንቅልፍ መንቃት
- ፓፍ ከወሰዱ በኋላ 4 ሰዓት ሳይሞላ እንደገና መፈለግ
- በሥራ፣ በደረጃ ወይም በእግር መንገድ ላይ ከቀድሞው ፈጥኖ መታፈን

ፓፍ ሲገዙ ቀኑን በማይጠፋ እስክሪብቶ ላስቲኩ ላይ ይጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲገዙ ስንት ሳምንት እንደቆየልዎት ያውቃሉ።

ፓፍን በትክክል የመጠቀም ቅደም ተከተል

1. ክዳኑን ይክፈቱ፤ አፉ ላይ ባዕድ ነገር አለመኖሩን ይዩ።
2. በደንብ ይነቅንቁት። አዲስ ከሆነ ወይም ለ5 ቀን ያህል ካልተጠቀሙበት መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ወደ አየር ይርጩ።
3. ቀጥ ብለው ይቀመጡ ወይም ይቁሙ፤ አየሩን ቀስ ብለው አውጥተው ይጨርሱ።
4. የፓፉን አፍ በጥርስዎ መካከል አድርገው በከንፈርዎ ግጥም ያድርጉ።
5. ቀስ ብለው በአፍዎ አየር መሳብ ሲጀምሩ አንድ ጊዜ ይጫኑ፤ በረጅሙ መሳብዎን ይቀጥሉ።
6. ትንፋሽዎን እስከ 10 ሰከንድ ወይም የቻሉትን ያህል ይያዙ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ያውጡ።
7. ሁለተኛ ርጭት ከታዘዘልዎት ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ቆይተው እንደገና ነቅንቀው ይድገሙት።

መድኃኒቱ ከአፍዎ ወይም ከአፍንጫዎ እንደ ጉም ተመልሶ ሲወጣ ካዩ ወደ ሳንባ አልገባም ማለት ነው። የስቴሮይድ ፓፍ ከወሰዱ በኋላ አፍዎን በውኃ ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ ይህ በአፍ ውስጥ ፈንገስ እንዳይወጣ ይረዳል።

ስፔሰር፦ በተለይ ለልጆች

መጫንንና መሳብን አንድ ላይ ማድረግ ለልጆች፣ ለአረጋውያንና በጣም ለታፈነ ሰው አስቸጋሪ ነው። ስፔሰር ፓፉ የሚሰካበት ባዶ ዕቃ ሲሆን፣ መድኃኒቱን ይዞ ቆይቶ ታካሚው ቀስ ብሎ እንዲስበው ያደርጋል። ለሕፃናት ፊት ላይ የሚገጠም ጭንብል ይጨመርለታል።

ስፔሰር ካላገኙ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ንጹሕ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ መጠቀም ይቻላል። ከጠርሙሱ ሥር በፓፉ አፍ ልክ ቀዳዳ ይበሱ፤ ፓፉን ሰክተው ዙሪያውን አየር እንዳያስወጣ በፕላስተር ያሽጉ፤ ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተንፍስ። በደቡብ አፍሪካ በሕፃናት ላይ ተደርጎ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዲህ ያለው ጠርሙስ ከፋብሪካው ስፔሰር ያላነሰ እንደሚሠራ አሳይቷል። አንድ ርጭት ይርጩ፤ ልጁ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይተንፍስበት፤ ከዚያ ሁለተኛውን ይርጩ። ሁለት ሦስት ርጭት በአንድ ላይ አይርጩ።

ድንገት ሲብስ ምን ይደረጋል?

ሐኪም የጻፈልዎት የድንገተኛ ጊዜ መመሪያ ካለ እሱን ይከተሉ። ከሌለ፦

- ታካሚውን ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፤ አያስተኙት። ጠባብ ልብስ ያላሉ፤ መስኮት ይክፈቱ፤ የከሰልና የዕጣን ጭስ ያርቁ።
- ሳልቡታሞሉን ቢቻል በስፔሰር፣ አንድ ርጭት በየ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ፣ እስከ 10 ርጭት ድረስ ይስጡ።
- ካልተሻለው፣ ወይም ተሽሎት ቶሎ ከተመለሰበት፣ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። በመንገድም ፓፉን መስጠት ይቀጥሉ።

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ አሥሩን ርጭት እስኪጨርሱ አይጠብቁ፤ ፓፉን እየሰጡ ወዲያውኑ ይነሱ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ መጨረስ አለመቻል፣ የከንፈር ወይም የምላስ መጥቆር፣ በጎድን አጥንቶች መካከል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ መሳብ፣ መደናገር ወይም መፍዘዝ፣ ሕፃን ከሆነ መጥባት አለመቻል። ሲያፏጭ የነበረ ደረት ታካሚው እየደከመ ሳለ ጸጥ ካለ የመሻል ምልክት አይደለም፤ አየር መግባት እያቆመ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። መኪና ካገኙ አምቡላንስ እስኪመጣ አይዘግዩ።

የጎንዮሽ ጉዳቶች

የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ራስ ምታትና አንዳንዴም የጡንቻ መሸማቀቅ ሊኖር ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በአጭር ጊዜ ይጠፋሉ። የደረት ሕመም ወይም የተዛባ የልብ ምት ከተሰማዎት ግን ሐኪም ይዩ። ፓፉን በወሰዱ ቁጥር ትንፋሽዎ ይበልጥ የሚያጥር ከሆነም መጠቀሙን አቁመው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

የልብ ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት፣ የእንቅርት ሆርሞን መብዛት ወይም ስኳር ካለብዎት ለሐኪምዎ አስቀድመው ይንገሩ። ፕሮፕራኖሎልን የመሰሉ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ለዓይን ግፊት የሚሰጠው የቲሞሎል ጠብታ፣ አስምን ሊቀሰቅሱና የሳልቡታሞልን ኃይል ሊቀንሱ ይችላሉ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም አንዳንድ አስም ያለባቸውን ሰዎች ያፍናሉ። ፋርማሲ ሲገቡ አስም እንዳለብዎት ሁልጊዜ ይናገሩ።

ብዙ ጊዜ የሚነሱ ጥያቄዎች

ፓፍ ሱስ ያስይዛል? አያስይዝም። አንድ ሰው ፓፍ ደጋግሞ የሚፈልገው አስሙ ቁጥጥር ስላልተደረገበት ነው።

ፓፍ የሚሰጠው በሽታው ለጸናበት ሰው ብቻ ነው? አይደለም። በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ስለሚገባ በጣም ትንሽ መጠን ይበቃል። የሳልቡታሞል ኪኒንና ሽሮፕ ዘግይተው ይሠራሉ፤ መንቀጥቀጥንና የልብ ምት መፍጠንንም ያበዛሉ።

ነፍሰ ጡር ልትጠቀመው ትችላለች? አዎ። ለእናትም ለፅንስም የሚያሰጋው ያልታከመ አስም ነው።

በጾም ወይም በጠበል ጊዜስ? ተቆጣጣሪ መድኃኒት በጠዋትና በማታ ስለሚወሰድ ሰዓቱን ከሐኪምዎ ጋር ማስተካከል ይቻላል። ትንፋሽ ሲያጥርዎት ግን ማስታገሻውን ሳይዘገዩ ይውሰዱ። ወደ ጠበል ሲሄዱም ፓፍዎን ይያዙ፤ ተቆጣጣሪውንም አያቋርጡ።

የሌላ ሰው ፓፍ መዋስ ይቻላል? ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሁሉ አስም አይደለም። የልብ ድካም፣ የሳንባ ምች፣ የሳንባ ነቀርሳና የደም ማነስም ትንፋሽ ያሳጥራሉ። ለዓመታት ሲጋራ ያጨሱ ወይም በማገዶ ጭስ ሲያበስሉ የኖሩ ሰዎች ሌላ የሳንባ ሕመም ሊኖርባቸው ይችላል። ሳይመረመሩ በተዋሱት ፓፍ መቆየት ትክክለኛውን ሕክምና ያዘገያል።

አያያዝና ንጽሕና

ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ያስቀምጡ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ወይም ከምድጃ አጠገብ አይተዉት፤ ቆርቆሮውን አይብሱ፣ እሳት ውስጥም አይጣሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ቆርቆሮውን አውጥተው ላስቲኩን ብቻ ለብ ባለ ውኃ ይጠቡና በአየር ያድርቁት። ማለቁን ለማወቅ ቆርቆሮውን ውኃ ላይ ማንሳፈፍ የተለመደ ቢሆንም አስተማማኝ አይደለም። ድምፁም አያሳምንዎ፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም አየር ሊረጭ ይችላል። ቆጣሪ ከሌለው ርጭቱን ራስዎ ይቁጠሩ። የፓፍ ቀለም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ማስታገሻውንና ተቆጣጣሪውን በቀለም ሳይሆን በስማቸው ይለዩ።

ለቀጠሮ ሲሄዱ ያሉዎትን ፓፎች በሙሉ፣ ባዶዎቹንም ጭምር፣ ይዘው ይሂዱ። በሐኪሙ ወይም በፋርማሲ ባለሙያው ፊት ፓፉን ወስደው ያሳዩ፤ ስሕተት ካለ እዚያው ይታረማል። ከቤተሰብዎም ቢያንስ አንድ ሰው ፓፉ የት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚሰጥ ይወቅ።