ጠላና ጌሾ፦ ያለ ሆፕ የሚጠመቅ የአገር ቢራ

ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው ሆፕ የተባለው ተክል በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ጌሾ» ተብሎ ይተረጎማል። ሁለቱ ተክሎች በሚሰጡት አገልግሎት ቢመሳሰሉም በዘር ግን አይዛመዱም። ሆፕ በየዓመቱ ከሥሩ እያቆጠቆጠ በገመድና በእንጨት ላይ የሚሳብ ሐረግ ሲሆን ለጠመቃ የሚውለው የሴቴው ተክል አበባ ነው። ጌሾ በበኩሉ በሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ የሚባል፣ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ ሲሆን ለጠመቃ የሚፈለጉት ቅጠሉና እንጨቱ ናቸው። በዚህም ምክንያት ጠላ በሆፕ ፈንታ ሌላ ነገር የገባበት ቢራ ሳይሆን፣ ሆፕን ጨርሶ ሳያውቅ የኖረ ራሱን የቻለ የእህል መጠጥ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የአገራችን ቢራ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ሆፕ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ነው። ተክሉ በሚገባ አብቦ ምርት ለመስጠት ረጅም የበጋ ቀን ስለሚፈልግ በስፋት የሚለማው ከምድር ወገብ ርቀው በሚገኙ አካባቢዎች፣ በተለይም በጀርመን ሃለርታውና በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሚገኘው ያኪማ ሸለቆ ነው። የቀንና የሌሊቱ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ በሚቀራረብባት ኢትዮጵያ ግን ይህ ሁኔታ በተፈጥሮ አይገኝም። ጌሾ ደግሞ በደጋውና በወይና ደጋው አርሶ አደር ጓሮ የሚበቅል፣ በየገበያው በእስርና በስፍር የሚሸጥ የአገር ውስጥ ምርት ነው። በመሆኑም በአንድ የግዥ ሰነድ ላይ «ጌሾ» ተብሎ የሰፈረ ዕቃ ከመርካቶ የሚገዛው ነው ወይስ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

ከሆፕ በፊት የነበረው ዘመን

ቢራ ማለት የግድ ሆፕ ያለበት መጠጥ ማለት እንዳልሆነ የአውሮፓም ታሪክ ያስረዳል። በመካከለኛው ዘመን በዛሬዎቹ ኔዘርላንድ፣ ቤልጅየምና ጀርመን ቢራ ይጠመቅ የነበረው «ግሩት» በሚባል የዕፅዋት ድብልቅ ነበር። በድብልቁ ውስጥ ሚሪካ ጌል የተባለው ረግረግ ወዳድ መዓዛማ ቁጥቋጦና አኪሊያ የተባለው ተክል በዋናነት ይጠቀሳሉ። ግሩት የሚሸጠው በገዢዎች ፈቃድ ብቻ ስለነበረ ጠማቂው ድብልቁን መግዛት ማለት ግብር መክፈል ማለት ነበር። ዛሬ በብሩዥ ከተማ በሙዚየምነት የሚያገለግለው የግሩትሁዘ ቤተሰብ ሕንፃ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ንግድ ሲሆን፣ የቤተሰቡም ሀብት መነሻ በግሩት ላይ የነበረው መብት ነው።

ሆፕ ይህን ሥርዓት ቀስ በቀስ አፈረሰው። የፈረንሳዩ የኮርቢ ገዳም አበምኔት አዳልሃርድ በ822 እ.ኤ.አ. በጻፈው የገዳም ደንብ ውስጥ ሆፕ ተጠቅሶ ይገኛል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ የቢንገኗ ሂልደጋርድ የተባለች ጀርመናዊት መነኩሲት የሆፕ ምሬት መጠጥን ከብልሽት እንደሚጠብቅ ጽፋለች። ለድሉ ዋነኛ ምክንያትም ይኸው ነበር፤ ሆፕ ያለበት ቢራ ሳይበላሽ ስለሚቆይ ወደ ሩቅ ገበያ ተጭኖ መሸጥ ቻለ። በ1516 እ.ኤ.አ. በባቫሪያ የወጣው ድንጋጌ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውኃ ብቻ እንዲሠራ አዘዘ። ዛሬ ድንጋጌው በንጽሕና ሕግነቱ ይወደስ እንጂ ዋጋን መወሰንና ስንዴና አጃን ለዳቦ ማስቀረትም ዓላማዎቹ ነበሩ። እርሾ በድንጋጌው ውስጥ ስሙ እንኳ አልተነሣም።

የግሩት ቢራ ከቅርብ አሥርተ ዓመታት ወዲህ በአነስተኛ ጠማቂዎች እጅ ተመልሷል። በስኮትላንድ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኸዘር አበባና በሚሪካ ጌል የሚጠመቅ «ፍሮኽ» የተባለ ቢራ ለገበያ ሲቀርብ፣ በቤልጅየሟ ጌንት ከተማም በ2009 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ዓይነት ቢራ የቆመ ጠመቃ ቤት ተከፍቷል። በአውሮፓ እንደ አዲስ የተጀመረው ነገር በኢትዮጵያ ቤቶች ከቶ ያልተቋረጠ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ጌሾ በጋን ውስጥ

የጠላ ጠመቃ የሚጀምረው ጋኑን ከማዘጋጀት ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ እንጨት ይታጠናል። ጢሱ መዓዛ ከመስጠቱም በላይ በሸክላው ውስጥ የቀረውን ረቂቅ ተሕዋስ ይቀንሳል። ቀጥሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ከውኃና ከጥቂት ብቅል ጋር ተደባልቆ ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል፤ ይህ ጥንስስ ይባላል። ጥንስሱ ሲነሣ የተቆራረሰ ቂጣ፣ ተጨማሪ ብቅልና የጌሾ እንጨት ይገቡበታል። በመጨረሻም በምጣድ ተቆልቶ የጠቆረው እንኩሮ ተጨምሮ ድፍድፉ ይሠራና ጋኑ ይታሸጋል። ድፍድፉ ሲበስል በውኃ ይቀጥናል፤ ተመልሶ ከታሸገ በኋላም ጠልሎ ለመጠጥ ይደርሳል። እህሉ እንደየአካባቢው ገብስ፣ ስንዴ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላ ወይም በቆሎ ሊሆን ይችላል። የመጠጡም ስም በትግራይ ሰዋ፣ በኦሮሚያ ፋርሶ ይባላል።

ከፋብሪካ ቢራ ጋር ሲነጻጸር ትልቁ የአሠራር ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሆፕ ምሬቱን የሚሰጠው ከብቅሉ ጭማቂ ጋር ለረጅም ጊዜ ሲፈላ ነው፤ ሙቀቱ በውስጡ ያሉትን አሲዶች ለውጦ መራራና በውኃ የሚሟሙ ያደርጋቸዋል። ጌሾ ግን ሳይፈላ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ምሬቱን ይለቃል። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና የምርምር ባልደረባቸው በ1995 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ባሳተሙት ጥናት ለዚህ ምሬት ምክንያት የሆነውን ንጥረ ነገር ለይተው «ጌሾይዲን» የሚል ስም ሰጥተውታል።

ማገዶን የሚቆጥበው ይህ አሠራር ጥንቃቄንም ይጠይቃል። ድፍድፉ ስለማይፈላ በውኃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ በእሳት የሚወገድበት ደረጃ የለም። ጌሾ፣ የአልኮሉና የኮምጣጤነቱ ኃይል ተባብረው ብዙ ባክቴሪያዎችን ቢገቱም፣ ድፍድፉን ለማቅጠን በመጨረሻ የሚጨመረው ውኃ ንጹሕ ካልሆነ ጠላውም ንጹሕ አይሆንም። የጠላ ቤት ቁጥጥር የሚያካሂድ የጤና ባለሙያ ከጋኑ በፊት የውኃውን ማጠራቀሚያ ማየት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

አቀማመስ

ጠላ የሚቀመሰው በመጀመሪያ በዓይን ነው። ገና ያልጠለለው ጉሽ የደፈረሰና ጣፋጭነት ያልለቀቀው ሲሆን፣ የበሰለው ከላይ ሲቀዳ ጥርት ብሎ ይወርዳል። ቀለሙ ከፈዛዛ ቢጫ እስከ ጥቁር ቡኒ ይለያያል፤ የሚወስነውም የእንኩሮው አቆላል እንጂ ጌሾው አይደለም። ወደ አፍንጫ ሲጠጋ ቀድሞ የሚመጣው የወይራ ጢስ ነው፤ ከዚያ የተቆላ እህል ሽታ ይከተላል። የሆፕ ቢራ የሚታወቅበት የአበባና የሎሚ ልጣጭ መዓዛ እዚህ አይገኝም። በአፍ ውስጥ መጀመሪያ ኮምጠጥ ይላል፤ የጌሾው ምሬት ግን ዘግይቶ፣ ከተዋጠ በኋላ በምላስ ሥር ይሰማል፤ ይቆያልም። ጋኑ ጋዝን አምቆ ስለማይዝ አረፋው ጥቂት ነው። ቀዝቃዛ የጠርሙስ ቢራ የለመደ ሰው በመጀመሪያው ጉንጭ ቢያቅማማ አያስደንቅም፤ በሁለተኛው ላይ ግን ጢሱና ምሬቱ ተለይተው መታወቅ ይጀምራሉ።

የጠማቂዋ ሙያ የሚታወቀው በጌሾው መጠን ነው። ሲበዛ ምሬቱ እህሉን ይሸፍነዋል፤ ሲያንስ ጠላው ቶሎ ይኮመጥጣል። የቆየ ቅጠል ኃይሉ ስለሚቀንስ ልምድ ያላት ሴት ከመግዛቷ በፊት ቅጠሉን አኝካ ትፈትነዋለች።

የአልኮሉ መጠን ሌላው አነጋጋሪ ጉዳይ ነው። ተራ ጠላ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ሲኖረው፣ ውኃ ሳይበዛበት የሚጠለለው ፍልተር የሚባለው ዓይነት ከ5 በመቶ በላይ ይደርሳል። በጣሳ ሲቀርብ ግን ጠጪው ልዩነቱን የሚያውቅበት ጽሑፍ የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። በየመንደሩ በእንጨት ላይ በተደፋ ጣሳ ብቻ በሚታወቅ ቤት ይህን ማስፈጸም የወረዳ ባለሙያዎችን የሚፈትን ሥራ ነው። ከዚህ ሽያጭ የልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፍኑ እናቶች በርካታ በመሆናቸው ቁጥጥሩ ቤቱን ከመዝጋት ይልቅ ውኃውንና ዕቃውን ወደ ማሻሻል ቢያዘነብል ይመረጣል።

ለስሙና ለአሠራሩ የሚደረግ ጥበቃን በተመለከተ የፊንላንድ ተሞክሮ ይጠቀሳል። በዚያ አገር ጥድ በሚመስለው የጁኒፐር ተክል ቅርንጫፍ ተጠልሎ የሚዘጋጀው «ሳህቲ» የተባለ የገጠር ቢራ በ2002 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ባህላዊ ልዩ ምርት ተብሎ ተመዝግቧል። በስሙ ለመሸጥ የሚፈልግ ሁሉ በምዝገባው የሰፈረውን አሠራር መከተል ይኖርበታል። ሳህቲም እንደ ጠላ ቶሎ የሚበላሽ፣ ሩቅ የማይጓዝ መጠጥ ነው።

ጌሾው ግን ደርቆ ሩቅ ይጓዛል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ባሉ የኢትዮጵያውያን ሱቆች ቅጠሉና እንጨቱ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል፤ እንጨቱን የሚገዙት በአብዛኛው ጠጅ የሚጥሉ ሲሆኑ ቅጠሉን የሚገዙት ለበዓል ጠላ የሚጠምቁ ናቸው።