ከዴራ ቦኖ እስከ ላንጋኖ ዳርቻ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚጓዝ መንገደኛ አዋሽ መልካሳን አልፎ ዴራ ሲደርስ የጭላሎን ተራራ ከፊቱ ተገትሮ ያየዋል። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉም አይለየውም፣ ምንጩም ብዙ ነው። ዴራ ያለችበት የዶዶታ ቆላ ግን ለዘመናት ውሃ የጠማው አገር ነበር። ሴቶች እንስራ አዝለውና አህያ ነድተው ወንዝ ወርደው እስኪመለሱ የቀኑ እኩሌታ ያልቅ ነበር።

የአርሲ ደጋ ውሃ ወደ ቆላ የሚወርደው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በቱቦ ነው፤ ዶዶታንና ሂጦሳን ያጠጣል። ሌላው በወንዝ ነው፤ ካታር ከደጋው ተነስቶ ደንበል ሐይቅ ይገባል፣ ከሱ በስተደቡብ ያሉት ወንዞች ደግሞ ላንጋኖ ይወርዳሉ። የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን ላስተዋለ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ቱቦው ሲዘረጋ ነዋሪው ተጠይቋል። የሐይቁ ዳርቻ ሲከፋፈል ግን ሐሳቡን የሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ የመጣ ሰው ነው።

በደርግ ዘመን በስዊድኑ የልማት ድርጅት በሲዳ ድጋፍ የተሠራው የዶዶታ የውሃ ፕሮጀክት ስሙ የሚነሳው በቱቦው ርዝመት ሳይሆን በሴቶቹ ነው። ቦኖው የት ይተከል? ቁልፉን ማን ይያዝ? የሚሰበሰበው ሳንቲም ማን ዘንድ ይቀመጥ? እነዚህ ጥያቄዎች ውሃ ለሚቀዱት ሴቶች ቀረቡ፤ የቦኖ ጠባቂና የኮሚቴ አባል ሆነውም ተመረጡ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ትልቅ ነው። ቦኖው ከዳገቱ በላይ ሆነ ከዳገቱ በታች በመሐንዲሱ ወረቀት ላይ ልዩነቱ የአንድ ጣት ስፋት ነው። ሙሉ እንስራ አዝላ ለምትወጣው ሴት ግን ልዩነቱ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ወገቧ ላይ የሚያርፍ ነው። ጠባቂዋ በሰዓቱ ቁልፏን ይዛ ስትመጣ እንስራውና ጀሪካኑ ተሰልፎ ይጠብቃታል። ወረፋው ሲደፈርስ የምትዳኘው እሷ ነች፤ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ መጀመሪያ የምታውቀውም እሷው ነች።

በአጎራባቹ ሂጦሳ በ1980ዎቹ አጋማሽ ዋተር ኤይድ የተባለው ድርጅት የደገፈው ሥራ ከዚህም አንድ እርምጃ ራቀ። ውሃው ያለ ሞተር፣ በራሱ ክብደት ከተራራው ወረደ፤ የተዘረጋውም ቱቦ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። የቱቦውን ቦይ ነዋሪው በጉልበቱ ቆፈረ። ሥራው ሲያልቅ በየቦኖው የተመረጡ ኮሚቴዎች ተወካይ የሚልኩበት ቦርድ ተቋቁሞ አስተዳደሩን ተረከበ። ገበሬ በቦርድ ተቀምጦ የውሃ ዋጋ ሲወስንና በጀት ሲያጸድቅ ማየት በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም።

አሁን ወደ ሐይቆቹ እንውረድ።

ደንበል የዛይ ሕዝብ ሐይቅ ነው። በአምስቱ ደሴቶች ላይ፣ በተለይም የደብረ ጽዮን ገዳም በሚገኝበት በቱሉ ጉዶ፣ ዛዮች ዓሣ እያሰገሩና እያረሱ ለዘመናት ኖረዋል። ምኒልክ አርሲን በ1870ዎቹ መጨረሻ ከያዙ በኋላ ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ወደ የብሱ ወጡ። በምሥራቁ ዳርቻ ደግሞ የአርሲ ኦሮሞ ከብት አርቢ አለ። ከብቱን ወደ ሆራ ማውረድ ለእሱ ወግም ኑሮም ነው፤ ማዕድን ያለበትን ውሃ የጠጣ ከብት ይሰባል፣ ወተቱም ይበረክታል ይላል። የዳርቻው የመጀመሪያ ፕላን ይኸው ነበር፤ የከብቱ መውረጃ፣ የታንኳው መቆሚያ፣ የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ። በወረቀት አልሰፈረም፤ ድንበሩን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

በወረቀት የሰፈረው በኋላ መጣ። በንጉሡ ዘመን የስምጥ ሸለቆው መንገድ ሲከፈት በቀለ ሞላ ሆቴሎቻቸውን በመንገዱ ላይ ተከሉ፤ ከነዚህ አንዱ የላንጋኖው ነበር። የላንጋኖ ውሃ ድፍርስ ቢሆንም ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ ስለሚታመን የአዲስ አበባ ሰው ቅዳሜና እሑድን ሊዋኝበት ይወርድ ጀመር። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ሲሆን የዳርቻው ባለቤት ተለወጠ፤ ወሳኙ ግን ያው ከሩቅ ያለው ቢሮ ሆኖ ቀረ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ባለሀብቱ መጣ፤ የላንጋኖ ዳርቻ በሎጅና በሪዞርት አጥር ተከፋፈለ። በደንበል ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ባቱ ላይ፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሼር ኢትዮጵያ ሰፊ የአበባ እርሻ ዘረጋ። ለብዙ ሺህ ሰው ሥራ ሰጠ፤ በዚያው ልክም የሐይቁን ውሃ የሚጠቀም አዲስ ጎረቤት ሆነ። ከደንበል ተርፎ በቡልቡላ ወንዝ የሚወርደው ውሃ ደግሞ የአብያታ ሕይወት ነው። መስኖ ከላይ፣ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ከታች እየቀነሱት አብያታ ምን ያህል እንደሸሸ ዳር ላይ የቀረው ነጭ ጨዋማ ሜዳ ይመሰክራል።

እዚህ ላይ የአሰላን አንድ ታሪክ ማንሳት ተገቢ ነው። በ1960 ዓ.ም. ስዊድኖች ከመንግሥት ጋር ተስማምተው ካዱ የተባለውን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ አቋቋሙ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጡ፤ ምርት አደገ። ባለመሬቱም በትራክተር ማረስ እንደሚያዋጣው ሲያይ ጭሰኛውን አባረረ። ስለ ውሃ ዳርቻ ግን ስዊድኖቹ በአገራቸው ሌላ ሕግ አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በስዊድን ከባሕርና ከሐይቅ ዳር 100 ሜትር ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ መገንባት በጠቅላላው ተከልክሏል፤ ማንም ሰው ወደ ውሃው የሚደርስበት መንገድ እንዳይዘጋበት ነው። ከዘሩና ከማዳበሪያው ኋላ ይህ ሐሳብም ወደ አርሲ አለመምጣቱ ያስቆጫል።

መስከረም 2009 ዓ.ም. በላንጋኖ ምሥራቃዊ ዳርቻ የነበረው ቢሻንጋሪ ሎጅ በኦሮሚያው ተቃውሞ ሰሞን ተቃጠለ። የተቃውሞው መነሻ የአገር ፖለቲካ እንጂ የሐይቅ ዳር ፕላን አልነበረም፤ ቃጠሎውም በሎጁ የሚተዳደሩትን ሠራተኞች ባዶ እጃቸውን አስቀርቷል። ቢሆንም ሰው በቁጣ ሰዓት ወደየትኛው አጥር እንደሄደ ማየት ያስፈልጋል። በስብሰባ ያልተጠየቀ ቅሬታ የሚፈነዳበትን ቀን ራሱ ይመርጣል።

ሌላ ዓይነት ዳርቻም አለ። ቢሾፍቱ ላይ ባቦጋያና ኩሪፍቱ በሪዞርትና በግል ቤት ሲከበቡ ሆራ አርሰዲ ግን በየዓመቱ ለኢሬቻ ሕዝብ ስለሚወርድበት መዝጋት አልተቻለም፤ ባህሉ ራሱ ፕላን ሆኖ ጠበቀው። ሐዋሳም አለች፤ ሐይቁ ሲሞላ ከተማውን ከጎርፍ ለመከላከል የተሠራው ግድብ ዛሬ ሕዝቡ ወክ የሚያደርግበት መንገድ ሆኗል።

ሕጉን ያነበበ ሰው ችግሩ የሕግ አለመኖር ነው ሊል አይችልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ አስተያየት የመስጠት መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ በአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ እንዲመከሩ ይደነግጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሕዝብ ተሳትፎን ይጠይቃል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በውሃ ዳርቻ ላይ ዛፍ መመንጠርና ቤት መሥራት የሚከለከልበትን ክልል መወሰን ይፈቅዳል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ደግሞ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው እንዲመክርበት ያዛል።

ክፍተቱ ያለው እዚህ የመጨረሻው ላይ ነው። የላንጋኖና የምሥራቅ ደንበል ዳርቻ አብዛኛው የገጠር ቀበሌ ነው። መዋቅራዊ ፕላን የለውም፤ ስለዚህም በፕላን ላይ የሚጠራ ስብሰባ የለም። መሬቱ ለኢንቨስትመንት ሲመራ ውሳኔው የሚያልፈው ከቀበሌው በላይ ባሉ ጽሕፈት ቤቶች ነው። ገበሬው የሚያውቀው የአጥሩ ምሰሶ ሲተከል ነው፤ ያኔ ደግሞ የቀረው ስለ ካሳ መነጋገር ብቻ ይሆናል።

ለዚህ ከዶዶታ መማር ይቻላል፤ አዲስ ሕግም አይጠይቅም። ቦታው ከመመራቱ በፊት ረቂቅ ካርታው በኦሮምኛ ተዘጋጅቶ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ። ስብሰባው ሰው ሁሉ ከቤቱ በሚወጣበት በገበያ ቀን ይሁን፤ ሴቶቹም ለብቻቸው ይጠየቁ። የከብቱ መውረጃ፣ የዓሣ አስጋሪው ጀልባ ማቆሚያና ልብስ የሚታጠብበት ቦታ በካርታው ላይ በቀለም ይለይ፤ አጥሩ ከውሃው ስንት ሜትር እንደሚርቅም በውሉ ውስጥ በቁጥር ይጻፍ።