የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን ሰዓት ስለማናበብ

ተገልጋዮች በኢንተርኔት ማመልከቻ ሲያስገቡ በደረሰኙ ላይ የሚሰፍረው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው ከአመልካቹ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ሳይሆን ማመልከቻውን ከተቀበለው ሰርቨር ነው። ማመልከቻው በጊዜ ገደቡ ውስጥ ስለመድረሱ ክርክር ቢነሳ የሚታየው ይኸው ምዝገባ በመሆኑ፣ የሰዓት መዛነፍ የተገልጋይን መብት የሚነካ ጉዳይ ነው።

የኮምፒውተር ሰዓት የሚመራው በኳርትዝ ክሪስታል ንዝረት ነው። ንዝረቱ በሙቀትና በዕድሜ ስለሚለዋወጥ በቀን አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ መዛነፉ የተለመደ ሲሆን፣ ካልታረመ በወር ወደ አንድ ደቂቃ ይጠጋል። ይህን የሚያርመው ኤንቲፒ የተባለው የሰዓት ማናበቢያ ሥርዓት ነው፤ የነደፉት አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ዴቪድ ሚልስ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ይሠራበታል። ኮምፒውተሩ ለሰዓት ሰርቨሩ ጥያቄ ልኮ፣ ጥያቄው የተላከበትንና የደረሰበትን፣ መልሱ የወጣበትንና የተመለሰበትን ቅጽበት በማነጻጸር ልዩነቱን ያሰላል። የመሥሪያ ቤቱ የሰዓት ሰርቨር ከሁለት የውጭ ምንጮች ብቻ የሚወስድ ከሆነ፣ ምንጮቹ ሲለያዩ የተሳሳተውን መለየት አይቻልም፤ አራት ምንጮች መያዝ ይመረጣል።

በአገራችን በተለይ ጥንቃቄ የሚሻው ሰዓቱን በእጅ «ማስተካከል» ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ 9:00 ቢያሳይ ትክክል ነው። ወደ 3:00 መቀየር ማሽኑን 6 ሰዓት፣ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት ደግሞ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በዊንዶውስ ኔትዎርክ የተጠቃሚን ማንነት የሚያረጋግጠው ኬርቤሮስ በመደበኛ ቅንብሩ ከ5 ደቂቃ የበለጠ ልዩነት ስለማይቀበል ሠራተኛው ወደ ሥራው መግባት ሊሳነው ይችላል። ዓመቱ ወደ ኋላ ሲመለስም የድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፍኬት ገና ሥራ ላይ ያልዋለ ስለሚመስል ገጾቹ አይከፈቱም። በመስኮቱ የቆመው ባለጉዳይ የሚሰማው ግን «ሲስተም የለም» የሚለውን ብቻ ነው። ትክክለኛው አሠራር የሰዓት ቀጠናውን ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት በሚቀድመው የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ላይ ማድረግ (በዊንዶውስ ዝርዝር «ናይሮቢ» ተብሎ ይገኛል) እና የኢትዮጵያን አቆጣጠር በማሳያው ላይ ብቻ መጠቀም ነው።

ተገልጋዮችም ደረሰኝ ሲያነቡ 15:20 ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 መሆኑን፣ የጊዜ ገደብ በ12:00 ሲገለጽም እኩለ ቀን ይሁን ምሽት 12 ሰዓት አስቀድመው ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። የተመዘገበው ሰዓት የተሳሳተ መስሎ ከታያቸው ደረሰኙን ሳያጠፉ የማመልከቻውን ቁጥር ጠቅሰው ወዲያውኑ በጽሑፍ ያሳውቁ።