«ግራኝ»፦ የአንድ ቃል ታሪክና የእጅ ዝንባሌ ስያሜ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ሲደርስባት የተቆረቆረች ከተማ ናት። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ በአንድ ገበያ የሚሰሙባት በመሆኗም ቃላትን ጎን ለጎን ለመመርመር ትመቻለች። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በአካባቢው ታሪክ ከባድ ሸክም የወደቀበትን «ግራኝ» የሚለውን ቃል ነው። ጥያቄያችንም ቃሉ ለሥነ ሕይወት ሙያዊ ስያሜነት ይበቃልን? የሚል ነው።

ግዕዝ ቀኝን «የማን»፣ ግራን «ፀጋም» ይላል። አማርኛ ሁለቱን ትቶ «ቀኝ»ና «ግራ» ሲል፣ ማዕረጉን ግን እኩል አላካፈላቸውም። በቀድሞው የጦር ሥርዓት ግራዝማች ከቀኛዝማች በታች ነበር፤ የተቸገረ ሰውም «ግራ ገባኝ» ይላል። ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በኦሮምኛ «ሚርጋ» ቀኝም መብትም ማለት ሲሆን፣ የላቲኑ የግራ ስያሜም የክፉ ገድ ምልክት ሆኗል።

ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም አል ጋዚ በ1521 ዓ.ም. በሽንብራ ቁሬ የአፄ ልብነ ድንግልን ጦር ድል አደረጉ፤ በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ወደቁ። አማርኛ «ግራኝ»፣ ሶማሊኛ «ጉሬይ» ይላቸዋል። የሁለቱም ፍች በግራ እጁ የሚሠራ ማለት ነው። ፍቹ አንድ ቢሆንም ስሜቱ ለየቅል ነው፤ በአንዱ ወገን ትውፊት የአብያተ ክርስቲያናት መቃጠል፣ በሌላው የጀግና ዝና ይታወሳል። ስለሆነም የአካል ጠባይ መግለጫ የነበረው ቅጽል የታሪክ ፍርድ ሆነ። ዛሬ በግራ እጁ የሚጽፍ ሕፃን «ግራኝ» ሲባል፣ ያልሠራው ታሪክ አብሮ ይጠራበታል።

ሥነ ሕይወት የሚነግረን ከዚህ የተለየ ነው። ከ100 ሰዎች 10 ያህሉ በግራ እጃቸው የሚሠሩ ናቸው። ፅንስ ገና በማኅፀን ሳለ አንዱን እጁን አብልጦ እንደሚያንቀሳቅስ በአልትራሳውንድ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በ400,000 ያህል የብሪታንያ ነዋሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከግራ እጅ ጋር የተያያዙ 4 የዘረ መል ሥፍራዎችን ለይቷል፤ ነገር ግን ጉዳዩን ብቻውን የሚወስን አንድ ዘረ መል የለም። የግራ እጀኛ አንጎልም የቀኝ እጀኛው ግልባጭ አይደለም፤ ቋንቋ ከቀኝ እጀኞች 95 በመቶ ያህሉ፣ ከግራ እጀኞችም 70 በመቶ ያህሉ ዘንድ በዋናነት የሚመራው በግራው የአንጎል ክፍል ነው።

ከዚህ በመነሳት «የእጅ ምርጫ» የሚለውን ስያሜ አንቀበልም፤ ፅንስ አይመርጥምና። «የእጅ ልማድ»ም አይሆንም፤ ልማድ ከሆነ በቅጣት ይታረማል የሚለውን የቆየ እምነት ያጸናል። የምናቀርበው «የእጅ ዝንባሌ» የሚለውን ነው። በሥሩም «ግራ እጀኛ»ና «ቀኝ እጀኛ» ይቆማሉ። በዕለት ንግግር ለግራው «ግራኝ» የሚል ነጠላ ስም ሲኖር ለቀኙ አቻ አለመለመዱ፣ አንዱን እንደ ደንብ፣ ሌላውን እንደ ጉድለት ያስቆጥራልና።

ሆኖም «ግራኝ» ከመዝገበ ቃላት ይፋቅ አንልም። የአካል ፍቹና የታሪክ ቅጽልነቱ በተለያየ ተራ ቁጥር ይመዝገቡ እንጂ። ሁለቱን ወገኖች ያለ አድልዎ የመጥራት ምሳሌም ከቋንቋችን አልጠፋም፤ ዳኛ ከፊቱ የቆሙትን ተከራካሪዎች «ግራ ቀኝ» ሲል ማንንም አያስበልጥም።