ጎማ፣ ቸርኬ፣ መንኮራኩር

ፒካፕ ያለው ሰው ጎሚስታ ቤት ገብቶ «ከፋብሪካው ከመጣው ከፍ ያለ ጎማ ግጠምልኝ» ሲል፣ ሥራውን የሚያውቅ ጎሚስታ «ቸርኬውም ይቀየራል ወይስ በራሱ ቸርኬ ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ወጪውና የመኪናው ጠባይ የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ጥያቄው ግን ስለ ቋንቋችንም አንድ ነገር ይነግረናል። ጎሚስታው ሁለት ነገሮችን በሁለት ስም ለይቷል። የቀረነው ሰዎች ሁለቱንም «ጎማ» እንላቸዋለን። «ጎማው ተነፈሰ» ስንል ስለ ላስቲኩ እያወራን ነው፤ «ጎማው ወልቆ ሄደ» ስንል ደግሞ ቸርኬውንም ላስቲኩንም አንድ ላይ ማለታችን ነው። ይህ መደባለቅ ታሪክ አለው። ታሪኩን የተከተለ ሰው ትልቅ ጎማ በፋብሪካ ቸርኬ ላይ ሲገጠም ምን እንደሚሆን ለመረዳት ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ለጠቅላላው አካል፣ ማለትም በእንብርቱ ዙሪያ ለሚሽከረከረው ነገር፣ ጥንታዊ ስም ነበረን። ግእዝ መንኰራኵር ይለዋል። ሥሩ አንኰርኰረ ነው፤ አንከባለለ፣ አዞረ ማለት ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእዩ ያየው መንኰራኵር ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከተፈተነባቸው መሣሪያዎች አንዱም መንኰራኵር ነው። የቃሉን አሠራር ልብ በሉ፤ «ኰር» ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። የዕብራይስጡ ገልገል እንዲሁ ድርብ ነው። ከሴማውያን ቋንቋዎች ወጥተን ብንሄድም የግሪኩ ኪክሎስ፣ የሳንስክሪቱ ቻክራ እና የእንግሊዝኛው ዊል፣ የቋንቋ ታሪክ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ «መዞር» የሚል ሥርን ደጋግሞ ከሠራ አንድ ጥንታዊ ቃል የተወለዱ ናቸው። ዝምድና የሌላቸው ሁለት የቋንቋ ቤተሰቦች ዞሮ የሚመለስን ነገር ለመሰየም ድምፁንም አዙረው መልሰውታል። የእኛው «ተሽከረከረ» እና ከእርሱ የተገኘው «ተሽከርካሪ» በዚሁ ስልት የተሠሩ ናቸው፤ «ከር ከር» የሚለውን ለማንም ጆሮ አይሰወርም።

መንኮራኩር ግን በአብዛኛው የመጽሐፍ ቃል ሆኖ ኖረ። ምክንያቱ መልክዓ ምድሩ ነው። በደጋው ገደላገደል ጭነት የሚጓዘው በበቅሎ፣ በአህያና በፈረስ ጀርባ ነበር፤ የሚንከባለል ነገር የዕለት ኑሮ ዕቃ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሊ የተባለችውን መኪና አዲስ አበባ አድርሶ ለዳግማዊ ምኒልክ ሲያበረክት፣ የመኪናዋን ክፍሎች የሚሰይም የሠራተኛ ቋንቋ ገና አልተፈጠረም ነበር። ከዚያ የጠፈር ዘመን መጣ፤ መንኮራኩርም የጠፈር መጓጓዣ ስም ሆነ። ዛሬ አንድ ልጅ ቃሉን ሲሰማ ቀና ብሎ ወደ ሰማይ ያስባል። ቃሉ ወደ ላይ ሲሄድ ምድር ላይ የተወውን ቦታ ጎማ ወረሰው። ግራ መጋባታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የክፍሉ ስም የሙሉው አካል ስም ሆነ።

ጎማ የጣልያንኛው ጎማ ነው፤ ትርጉሙ ላስቲክ፣ ሙጫ። ጣልያንኛው ከላቲኑ ጉሚ፣ ላቲኑም ከግሪኩ ኮሚ መጣ። ግሪኮች ደግሞ ቃሉን የወሰዱት ከግብፃውያን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ሄሮዶቱስ ይህን ኮሚ በሁለት ቦታ ያነሣዋል፤ ግብፃውያን የሬሳ መገነዣውን ጨርቅ የሚቀቡት በእርሱ እንደሆነ፣ ጀልባ ከሚሠሩበት እሾሃማ ዛፍ የሚወጣው ፈሳሽም እርሱ እንደሆነ ይነግረናል። ዛፉ የግራር ወገን ነው። እኛ ከግራር ቅርፊት ለቅመን ሙጫ የምንለው ነገር ነው እንግዲህ ከዓባይ ሸለቆ ስሙ ተነሥቶ በግሪክና በሮም ዞሮ፣ በጣልያን በኩል ጎማ ሆኖ የተመለሰልን። በመካከሉ የስሙ ባለቤት ተለውጧል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የደቡብ አሜሪካው ዛፍ ወተት አውሮፓ ሲደርስ ጣልያኖች ነባሩን የሙጫ ስም ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1844 ቻርልስ ጉድይር ላስቲክን ከድኝ ጋር በሙቀት የሚያጸናበትን ዘዴ በአሜሪካ በፓተንት አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ይህ ወተት በሙቀት የማይቀልጥ፣ በብርድም የማይሰበር ሆነ፤ መንገድ ለመርገጥም በቃ።

እንግሊዝኛው ሌላ መንገድ ሄዷል። ታየር የሚለው ቃል፣ ሥርወ ቃሉን የመረመሩት እንደሚሉት፣ «ልብስ፣ ጌጥ» ከሚል ቃል የተቆረጠ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨቱን መንኮራኩር ዙሪያ የሚሸፍነው ብረት በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ መንኮራኩሩ ለብሷል ማለት ነው። ላስቲኩ ሲመጣ የብረቱን ልብስ ስም ወረሰ። ስለዚህ አማርኛው ነገሩን በተሠራበት ቁስ ሲጠራው፣ እንግሊዝኛው በሥራው ጠርቶታል።

ፈረንሳዮችና ጣልያኖች ደግሞ በውስጡ ባለው አየር ይሰይሙታል። ፕኔው እና ፕኔውማቲኮ የመጡት ከግሪኩ ፕኔውማ ነው፤ ነፋስ፣ እስትንፋስ፣ መንፈስ ማለት ነው። ሮበርት ቶምሰን በነፋስ የሚሞላ ጎማ እ.ኤ.አ. በ1845 በፓተንት ያስመዘገበው፣ ጆን ቦይድ ደንሎፕም በ1888 በቤልፋስት ዳግም የፈለሰፈው የዚህ ስም ባለቤት የሆነውን ነገር ነው። አማርኛ ይህን ስም አልተዋሰም፤ ሐሳቡ ግን በራሱ ሥር ውስጥ ነበረው። ነፋስ፣ ነፍስ፣ ተነፈሰ ከአንድ ሥር ናቸው። «ጎማው ተነፈሰ» የሚል ሾፌር ግሪኩ በፕኔውማ ያለውን ሁሉ በአንድ ግስ ብሎታል።

ቸርኬ ደግሞ የጣልያንኛው ቸርኪዮ ነው፤ ሲበዛ ቸርኪ። ቀለበት፣ ክብ ማለት ነው። ከላቲኑ ሲርኩሉስ የመጣ ሲሆን፣ የዚህም ሥር ሲርኩስ ነው። ስለዚህ ቸርኬ እና በክብ ሜዳ የሚታየው ሰርከስ ወንድማማች ቃላት ናቸው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ሲወር መንገድ የሚቀዱ ሠራተኞችንና የጭነት መኪናዎችን ይዞ ነበር፤ በ1933 ዓ.ም. ሲባረርም ጋራዦቹና ቃላቱ ቀሩ። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ የዚያ ወገን ናቸው። ከመነዳሪም እንዲሁ፤ አጠራሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ከሥሩ ያለው ካሜራ ዳሪያ ነው፤ «የአየር ክፍል» ማለት ነው። የዛሬ ፒካፖች ቱብለስ ስለሆኑ ከመነዳሪ አያስፈልጋቸውም፤ አየሩን የሚይዙት ጎማው ራሱና ቸርኬው ተነካክሰው ነው። በዚህ ምክንያት የቸርኬው ልክ ከበፊቱ ይልቅ ወሳኝ ሆኗል።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። ቶዮታ ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ገበያ ላይ የዋለ ፒካፕ ነው፤ ስሙ «ከፍተኛ» እና «ምቾት» ከሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቆርጦ የተገጣጠመ ነው። ብዙዎቹ የቅርብ ጊዜ ሥሪቶቹ 265/65 አር 17 ጎማ፣ ወርዱ 7.5 ኢንች በሆነ ቸርኬ ላይ ተገጥሞላቸው ከፋብሪካ ይወጣሉ። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ሚሊ ሜትር አይደለም፤ የጎማው ጎን ቁመት ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። አር ማለት ራዲያል ነው፤ ሚሸላን እ.ኤ.አ. በ1946 በፓተንት አስመዝግቦ ከ1949 ጀምሮ የሸጠው አሠራር ነው። ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው ያልፋሉ። ራዲዩስ በላቲን የመንኮራኩር ዘንግ ነበር፤ ከእንብርቱ ወደ ዙሪያው የሚዘረጋው እንጨት። የእንጨቱ መንኮራኩር ከጠፋ በኋላ ስሙ በላስቲኩ ጎን ላይ በአንዲት ፊደል ተርፏል።

የመጨረሻው 17 ኢንች ነው፤ የቸርኬው ቁመት (ዲያሜትር)። ኢንች የላቲኑ ኡንኪያ ነው፤ ከ12 አንድ እጅ ማለት ነው። ይኸው ኡንኪያ በግሪክና በዓረብኛ በኩል አልፎ ወደ እኛ ሲደርስ ወቄት ሆነ። ወርቅ አንጣሪው በወቄት ሲመዝን እና ጎሚስታው በኢንች ሲለካ፣ ሁለቱም በአንድ የሮማ ቃል እየሠሩ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ሲነበቡ ነገሩ ይገለጣል። ቸርኬው ካልተቀየረ 17 ኢንቹ አይነካም፤ ዕድገቱ ሁሉ የሚመጣው ከጎማው ጎን ነው። የ265/65 ጎን 172 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ሙሉ ቁመቱ 776 ነው። ወደ 265/70 ብንሄድ ቁመቱ 803 ይሆናል፤ ወርዱ አልተለወጠም፤ መኪናው ከመሬት 13 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ወደ 285/70 ብንሄድ ደግሞ ጎኑ 199.5፣ ቁመቱም 831 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ መኪናው 27 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ጎማውም በ20 ሚሊ ሜትር ይሰፋል።

የቸርኬው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። ለ285/70 አር 17 የሚፈቀደው የቸርኬ ወርድ ከ7.5 እስከ 9 ኢንች ነው። የሃይሉክሱ 7.5 ከዚያ ውስጥ አለ፤ ግን በታችኛው ጠርዝ ላይ ነው። ጠባብ ቸርኬ የሰፊ ጎማን ጎኖች ወደ ውስጥ ይሰበስባቸዋል፤ የሚረግጠው ገጽ መሐሉ ያብጣል፤ ነፋሱ በትክክል ካልተመጠነም የመሐሉ ጥርስ ቀድሞ ያልቃል። የፋብሪካ ቸርኬ ወደ ውጭ ስለማይገፋ የተጨመረው ስፋት ግማሹ ወደ ውስጥ ይገባል። መሪው እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ ወይም መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ጎማው ፓራፋንጎውን ሊፈገፍግ ይችላል። ፓራፋንጎ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ «ፓራ» መከላከል፣ «ፋንጎ» ጭቃ ነው። ብዙ ሰው ቦታ ለማግኘት ከፊት ስፕሪንጉን፣ ከኋላ ባሌስትራውን ያስነሣል። ባሌስትራ በጣልያንኛ ቀስት ነው፤ ሥሩ ከግሪኩ «ወረወረ» ይደርሳል። እየተለጠጠ የሚመለሰውን ድርብ ብረት ያየ ሰው ለምን ቀስት እንደተባለ አይጠይቅም።

ከዚያ በላይ ሌላ ዋጋ አለ። ቁመቱ በ7 በመቶ የጨመረ ጎማ በአንድ ዙር 7 በመቶ የሚበልጥ መንገድ ይሄዳል። ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው ዙሩን ነው። ስለዚህ ቆጣሪው ያው 100 እያለ መኪናው በፋብሪካ ጎማው ከሚሄደው በ7 በመቶ ይፈጥናል። ሞተሩ ዳገት ላይ ይከብደዋል፤ ፍሬኑም ለማቆም የበለጠ ይደክማል። ባለ አራት ጎማ ጉልበት የሆነ መኪና ደግሞ አራቱም ጎማ አንድ ልክ እንዲሆን ይሻል፤ ትርፍ ጎማውም ቢሆን ከመኪናው ሥር ባለው ቦታው መግባቱ መታየት አለበት። በድንጋያማና ጭቃማ መንገድ ለሚሠራ ፒካፕ 265/70 በፋብሪካው ቸርኬ ላይ መጠነኛና ጤናማ ጭማሪ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ የሚያልፍ ሰው የቸርኬውን ወርድ፣ የፓራፋንጎውን ክፍተትና የቆጣሪውን ልክ አብሮ ማሰብ አለበት።

ይህን ሁሉ በግልጽ መናገር የቻልነው ጎሚስታው ጎማና ቸርኬን ለይቶ ስለያዘልን ነው። መደበኛው የጽሑፍ አማርኛ ሁለቱን «ጎማ» ብሎ ሲያጠቃልል፣ ጋራዡ ልዩነቱን ጠብቆታል። ብዙ የቋንቋ ወዳጆች እነዚህን ቃላት የወራሪ ቅሪት አድርገው ያዩዋቸዋል፤ በግእዝ ሥር በተሠሩ አዳዲስ ቃላት ሊተኳቸውም ይመኛሉ። ስሜቱ ይገባኛል፤ መንኮራኩር ወደ ምድር ቢመለስ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ቸርኬ ላይ ቂም መያዝ አይገባም። ቃሉን የተቀበሉት፣ በአማርኛ ድምፅ የቀረጹት፣ ለሦስትና ለአራት ትውልድ ትርጉሙን ሳያዛቡ ያስተላለፉት እጃቸው በቅባት የጠቆረ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ናቸው። ቃሉ በእነርሱ ሥራ የእኛ ሆኗል።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዙን፣ ደስታ ተክለ ወልድ ያማርኛውን መዝገበ ቃላት ዕድሜያቸውን ሰጥተው አዘጋጅተውልናል፤ የመጀመሪያው በ1948፣ ሁለተኛው በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። ዛሬ የሚያስፈልገን የጋራዡን ቃላት በዚያ ትጋት የሚመዘግብ ነው፤ ከመነዳሪን ከነልዩ ልዩ አጠራሩ፣ ባሌስትራን ከነክፍሎቹ፣ ቸርኬን ከነልኩ። ከመነዳሪ ዕቃው ከገበያ እየወጣ ስለሆነ ስሙም አብሮት ሊሄድ ነው። የዕድሜ ባለጠጋ የሆኑ ጎሚስታዎች ገና በሥራ ላይ ሳሉ ጠይቆ መጻፍ የኛ ትውልድ ድርሻ ነው።