በሩን አትብሳው!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ነው። ነገር ግን መንገዳችን ጋይንት ቤተ ልሔም ድረስ ስለሚወስደን ቀበቷችሁን ጠበቅ አድርጉ።

መኪናዋ የጎረቤታችን ነበረች። እሳቸው ካረፉ ሁለት ዓመት አለፋቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራች ካርማን ጊያ ናት። ለማያውቋት፣ ጊያ የሚባለው የቱሪን ዲዛይን ቤት የነደፋት፣ ካርማን የሚባለው የጀርመን ካሮሴሪያ ሠሪ የገጣጠማት፣ ቮልስዋገን ስሙን የሰጣት ባለ ሁለት በር መኪና ናት። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 ድረስ ከ440 ሺህ በላይ ተሠርታለች። ስታይዋት የስፖርት መኪና ናት፤ ዝቅ ያለች፣ ወገቧ የተሰበረ፣ አፍንጫዋ የሾለ። ሞተሯ ግን ያው የምናውቀው የቮልስ ሞተር ነው። ጎረቤታችን ራሳቸው «መልኳ የፈረስ፣ ሩጫዋ የበቅሎ» ይሏት ነበር።

እናላችሁ፣ ከውጭ አገር የመጣችው ልጃቸው አንድ ቀን በራችንን አንኳኳች። «ጋሼ፣ አባዬ ይሰማው የነበረውን ዘፈን እዚያችው መኪና ውስጥ ሆኜ መስማት እፈልጋለሁ። ግን ስፒከሯ አይሰማም» አለችኝ። እውነቷን ነው። የዚያን ዘመን መኪና አንድ ትንሽ ስፒከር ከዳሽቦርዱ ሥር ይቀበርለትና ድምፁ በአፍንጫው የሚናገር ሰው ይመስላል። በዚያ ላይ ወረቀቱ አርጅቶ ተቀድዷል።

ተያይዘን አንድ ባለሙያ ዘንድ ሄድን። ሰውየው መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና ሁለቱን በሮች በእርሳስ ክብ ምልክት አደረገባቸው። «እዚህና እዚህ 16 ሳንቲም እቆርጣለሁ። በሁለት ሰዓት ያልቃል» አለ። የቆርቆሮ መቀሱን ሲያነሳ እኔ ሳላስበው «በሩን አትብሳው!» ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ ደነገጠች። ሰውየውም «ምን ሆኑ ጋሼ? በር እኮ ነው፣ ሰው አልገደልኩም» አለኝ።

ለምን እንደጮህኩ ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. እኔም ቮልስ ነበረችኝ። ታክሲዎቹ ሁሉ ቴፕ ሲያስገጥሙ እኔስ ከማን አንሼ ብዬ በሮቿን አስቆረጥኩ። ለአንድ ክረምት ጎረቤቱን ሁሉ አደነቆርኩ። ማንም ያልነገረኝ ነገር ቢኖር የመኪና በር ውስጡ ውኃ የሚገባበት መሆኑን ነው። ዝናቡ በመስታወቱ ጠርዝ ይገባና ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። የእኔው ቀዳዳ ጠርዙ ቀለም አልተቀባም፤ ከውስጥ የነበረውም ፕላስቲክ ተቀዶ ተጥሏል። በሦስተኛው ዓመት ዝገቱ በሩን እንደ ምስጥ በላው። ስሸጣት ገዢው ጣቱን በቀዳዳው አስገብቶ ዋጋ ቀነሰልኝ። ቴፑ ከዚያ በፊት ተሰርቆ ነበር። ድምፁ ሄደ፤ ቀዳዳው ቀረ።

እስቲ አሁን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ የመኪናዋ ድምፅ የሞተሯ ድምፅ ብቻ ነበር። መኪና በሬዲዮ አፍ የፈታው በኋላ ነው። በአሜሪካ የጋልቪን ወንድማማቾች «ሞቶሮላ» ያሉትን የመኪና ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1930 ለገበያ አወጡ። የጀርመኑ ብላውፑንክት በ1932 ተከተለ። የእሱ ሬዲዮ 15 ኪሎ ያህል ይመዝን ስለነበር ዳሽቦርዱ አልቻለውም፤ ሌላ ቦታ ተፈልጎለት ማዞሪያው ብቻ መሪው አጠገብ ተደረገ። ክራይስለር በ1956 የሸክላ ማጫወቻ መኪና ውስጥ አስገብቶ ነበር። ሸክላና ጎርባጣ መንገድ እንዴት ይስማሙ? ብዙም ሳይቆይ ተወው።

በእኛም አገር አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የአገር ውስጥ ሙዚቃ በሸክላ ማሳተም ሲጀምር ዘፈኑ የሚሰማው በየቤቱና በየቡና ቤቱ ነበር። ወደ መኪና ያስገባው ካሴት ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ያ ትንሽ ሳጥን ሸክላውን ከገበያ አስወጥቶ በታክሲና በአውቶቡስ አገሩን ዞረ። በ1992 ዓ.ም. ኤፍኤም 97.1 ሲጀምር ደግሞ ታክሲው ሁሉ ሬዲዮ ሰሚ ሆነ። ሹፌሩ ድምፅ ይፈልጋል፤ መኪናው ግን ለድምፅ አልተሠራም። ስለዚህ ሥራው በእጅ ሆነ። ከኋላ መስታወቱ ሥር ኮምፔርሳቶ ተቆርጦ ሁለት ስፒከር ይቀመጥበታል፣ ሌዘር ይለብሳል፣ አንዳንዱም ዳር ዳሩን በዘርፍ ያስጌጠዋል። የሙያው ቋንቋ ራሱ ታሪክ ነው። ኮምፔርሳቶ፣ ኮላ፣ ባትላሜራ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም ከጣሊያን አፍ የወረስናቸው ናቸው። ትልቁን ድምፅ ማጉያ «ሞንታርቦ» የምንለውም የጣሊያን ፋብሪካ ስም ስለሆነ ነው።

ይህ ሁሉ ሙያ ያለን ሰዎች ሆነን ሳለ የመጀመሪያ ሐሳባችን ለምን መቅደድ ይሆናል? ይኼንኑ ለሰውየው ጠየቅኩት። ተናዶ የሚያባርረኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ከመደርደሪያው አንድ ባዶ ስፒከር አወረደና ከስልኩ ጋር አገናኝቶ በእጁ ይዞ አጫወተው። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ከበሮው የለም፣ ቤዙ የለም። ቀጥሎ አንድ የካርቶን ቁራጭ መሐሉን በክብ ቆርጦ ስፒከሩን ለጠፈበት። በአንድ ጊዜ ድምፁ ወፈረ! ልጅቷ አፏን ያዘች።

«አያችሁ» አለ። «ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ወደ ኋላ ይስባል። የፊቱና የኋላው አየር ከተገናኙ ይጣፋሉ። ሰሌዳው ሥራው እነሱን መለያየት ነው። እኔ በሩን የምፈልገው በር ስለሆነ አይደለም፤ ሰሌዳ ስለምፈልግ ነው።»

ይህን ጊዜ ነው ቤተ ልሔም ትዝ ያለችኝ።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላደገ ሰው ቤተ ልሔም ስሟ ከዜማ ጋር ነው የሚነሳው። የድጓ ተማሪ በየትም አገር ይማር፣ የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። ቆማና አጫብር የየራሳቸው የዜማ ስልት ሲኖራቸው የቤተ ልሔም ስልት ብዙውን አገር ይዟል። ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ ከአንድ አጎቴ ጋር ቤተ ክርስቲያኑን ለማየት ሄጃለሁ። ከውጭ ስታዩት እንደ ማንኛውም የደብር ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው። ወደ ውስጥ ስትገቡ ግን ሌላ ቤት ይጠብቃችኋል። ባለ አራት ማዕዘን፣ ከክቡ እጅግ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ክቡ የተሠራው በእሱ ዙሪያ ነው።

ቶማስ ፓክንሃም የተባለ፣ ገና ከኦክስፎርድ የወጣ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1955 እዚያ ደርሶ ይህን ሲያይ ተገርሞ በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ለዓለም ነገረ። ፈረንጆች «ተገኘ» አሉ። የአገሩ ሰው ግን መቼም አልጠፋበትም፤ በየዕለቱ ይቀድስበት ነበር።

አጎቴ ያኔ ግድግዳውን በመቋሚያው እያመለከተ «የኋለኞቹ ሰፋ ያለ ቦታ ፈለጉ። አሮጌውን ማፍረስ ቀላል ነበር። እነሱ ግን አለበሱት» አለኝ።

ድጓውም ራሱ እንዲሁ ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት የቅዱስ ያሬድ ዜማ ለረጅም ዘመን በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቶ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት ሠሩለት። ምልክቶቹ የት ተጻፉ? ከቃሉ በላይ፣ በደቃቅ ፊደል። ዜማውን ለማስገባት ብሎ ቃሉን የፋቀ የለም። ማንበብ የሚፈልግ ያነባል፣ ማዜም የሚፈልግ ቀና ብሎ ምልክቱን ያያል።

ይህን ለሰውየው ስነግረው መቀሱን አስቀመጠና ራሱን አከከ። ከዚያ ከበሩ ትቶ ወደ ታች ጎንበስ አለ። «ከእግር ጎንስ?» አለ። ከበሩ ማጠፊያ ፊት፣ የሹፌሩና የጎኑ ተሳፋሪ እግር የሚያርፍበት ግራና ቀኝ ትንሽ የሽፋን ሰሌዳ አለ። እዚያ ከተሠራ በሩ አይነካም፤ በር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚታጠፍ ሽቦም አይኖርም።

ሁለት ሰዓት የተባለው ሥራ ስድስት ቀን ወሰደ። መጀመሪያ የድሮዎቹን ሽፋኖች ሳይሰብር ነቀለና በካርቶን ላይ ልካቸውን አወጣ። ካርቶኑን መኪናው ውስጥ እየገጠመ ሦስት ጊዜ ቆረጠ። ልጅቷ መሪው ላይ ተቀምጣ ፍሪሲዮን ስትረግጥ እግሯ እንዳይነካው ለካ፤ በግራ በኩል ቦታው ጠባብ ስለሆነ ማግኔቱ አጭር የሆነ ስፒከር ተፈለገ። ከዚያ 6 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ቆርጦ፣ ስፒከሩ በሚያርፍበት በኩል ሌላ ወፈር ያለ የእንጨት ቀለበት በኮላ ደረበበት፤ ሰሌዳው ከቀጠነ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ዘፈኑን ያበላሸዋልና። ፊቱን ወደ ጆሮ ትንሽ ቀና አደረገው። እንጨቱን ከፊትም ከኋላም ቫርኒሽ ቀባው። ሌዘሩን ከመቀመጫው ቀለም ጋር አስማምቶ አለበሰ። ሁሉም የታሰረው ፋብሪካው በተዋቸው የብሎን ቀዳዳዎች ነው። አንድም አዲስ ቀዳዳ የለም!

አሮጌው ሬዲዮ ከነማዞሪያው ቦታው ላይ ቀረ። አንዲት ትንሽ ማጉያ ከመቀመጫው ሥር ገባች፤ ከባትሪው የሚመጣው ሽቦ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ተደረገለት። መኪናዋ ባለ 12 ቮልት በመሆኗ እድለኞች ነን። ከ1967 ሞዴል በፊት የነበሩት ባለ 6 ቮልት ስለሆኑ የዛሬ ማጉያ በቀጥታ አይቀበሉም።

እውነቱን ለመናገር ማልበስም ዋጋ አለው። የሹፌሩ እግር ትንሽ ቦታ አጥቷል። ቤዙም በር ላይ ቢሆን ኖሮ እንደሚያገኘው አይሆንም። ቤተ ልሔምም ቢሆን የጥንቱ ግድግዳ በክቡ ስለተሸፈነ ከሩቅ የሚያየው የለም። የለበሰ ነገር በከፊል ይደበቃል። ቢሆንም የተደበቀን ገልጦ ማየት ይቻላል፤ የተቀደደን ግን ማን ይመልሰዋል?

ደግሞ ይህ የቅንጦት ጥያቄ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። እንዲህ ያለች መኪና በሯ ቢበላሽ ሌላ በር ከየት ይመጣል? በእጃችን ያለው ያለው ነው። ስለ መኪና ብቻም አላወራም። በየሰፈራችን በጭቃና በእንጨት የተሠሩ ባለ ሰገነት ቤቶች «ዘመናዊ መስኮት ይግባላቸው» ተብሎ ግድግዳቸው ሲናድ ያየን ሰዎች ነን። አዲስ ነገር መፈለግ ነውር የለበትም። የቤተ ልሔም ሰዎችም ፈልገዋል፤ ፈልገውም ሠርተዋል።

ሥራው ያለቀ ዕለት ማታ ሦስታችንም መኪናዋ ውስጥ ገባን። ባለሙያው ከኋላ በዚያች የልጅ መቀመጫ ላይ ተጣጥፎ ተቀመጠ። ልጅቷ ከአባቷ ካሴት በስልኳ ያስቀዳችውን ዘፈን ከፈተች። ክራሩ ከእግራችን ሥር ተነስቶ ወደ ጆሮአችን መጣ። ማናችንም አልተናገርንም። ዘፈኑ ሲያልቅ እሷ እንባዋን ጠርጋ «አባዬ እኮ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም ነበር» ብላ ሳቀች።

የተነቀሉት ሁለት የድሮ ሽፋኖች በጋዜጣ ተጠቅልለው ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል። ላያቸው ላይ ቀኑንና የመኪናዋን ታርጋ ጽፋበታለች። ነገ የእሷ ልጅ አድጎ መኪናዋን አያቱ በተዋት መልክ ላግኛት ቢል፣ ጥቂት ብሎን መፍታት ብቻ ነው።