አጎራባች ከተሞችን የሚያገናኝ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ማቀድ፦ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ እንደ ማሳያ

የጋራ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ማለት ሞተር ያላቸው ተሽከርካሪዎች የማይገቡበት፣ እግረኛ፣ ብስክሌት ነጂ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው፣ እንደ አካባቢው ሁኔታም የጋማ ከብት የሚገለገሉበት መንገድ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ የሚሠራ የእግረኛ መንገድ በአንድ ማዘጋጃ ቤት ውሳኔ ተጀምሮ ሊጠናቀቅ ይችላል። ሁለትና ከዚያ በላይ ከተሞችን የሚያገናኝ መንገድ ግን ቢያንስ ሁለት በጀት፣ ሁለት ምክር ቤት፣ እንዲሁም በመካከል ያሉ የገጠር ቀበሌዎችን ስምምነት ይጠይቃል። የዚህ ዓይነት መንገድ ድክመት አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው በመገጣጠሚያው ላይ ነው፦ ከተማው አልቆ ገጠሩ በሚጀምርበት፣ አንዱ ወረዳ አብቅቶ ሌላው በሚቀጥልበት፣ መንገዱ ወንዝ በሚያገኝበት ሥፍራ። በመሆኑም ዕቅዱ ከእነዚህ መገጣጠሚያዎች ሊጀምር ይገባል።

የፖሊሲ መሠረት

የቀድሞው የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 ያሉትን ዓመታት ይሸፍናል። በእግርና በብስክሌት መጓዝ ራሱን የቻለ የትራንስፖርት ዘርፍ እንደሆነም ዕውቅና ይሰጣል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተካሄደው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር፣ ቀጥሎም በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የሰፋው የኮሪደር ልማት፣ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ ቦታ መስጠት እንደሚቻል አሳይተዋል። በአማራ ክልል ባሕር ዳር ሜዳማ አቀማመጧ ረድቷት ብስክሌትን ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የለመደች ከተማ ናት።

እነዚህ ሁሉ ሥራዎች የሚገኙት በከተማ ውስጥ ነው። በትናንሽ የወረዳ ከተሞች መካከል ያለው ተጓዥ ግን አሁንም የሚሄደው በተሽከርካሪ መንገዱ ትከሻ ላይ ነው፤ ትከሻው በጠበበበት ወይም በጎርፍ በተበላበት ቦታ ደግሞ ወደ መንገዱ መሐል ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌት ነጂዎችና ሞተር ብስክሌተኞች ናቸው።

የአካባቢው ገጽታ

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች ዋና ከተሞች በቅደም ተከተል ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ናቸው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ስሟም ለዕቅድ አውጪ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባል፤ በተጋለጠ ሸንተረር ላይ ከነፋስ ጋር እየታገለ ዳገት የሚወጣ ብስክሌተኛ ብዙ ርቀት አይሄድም። ከተማዋ ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ በሚደርሰውና በቻይና መንግሥት ድጋፍ በተሠራው ዋና መንገድ ላይ ናት። ከዚህ መስመር ወደ ደቡብ ሲኬድ መሬቱ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ያዘቀዝቃል፤ ከተሞቹም እርስ በርሳቸው በገደልና በወንዝ የተለያዩ ናቸው።

ስለሆነም የባሕር ዳርን ወይም የአዲስ አበባን ንድፍ እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አያዋጣም። በዚህ አካባቢ ብስክሌት በቁጥር ትንሽ ነው፤ የመንገዱ ሦስተኛ ባለቤት አህያና በቅሎ ናቸው። የጋማ ከብትን የማያስገባ ንድፍ በወረቀት ላይ ያማረ ቢሆንም፣ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ይፈርሳል። ይህ ማለት ግን ለብስክሌት ማቀድ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ጤነኛ ሰው በእግሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በብስክሌት ደግሞ ደልዳላ መንገድ ላይ ያለ ብዙ ድካም 15 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከከተማ 7 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ተማሪ በእግሩ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጅበትን መንገድ በብስክሌት በግማሽ ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ሸንተረሩን ተከትለው በሚሄዱ ደልዳላ ክፍሎች ላይ የብስክሌቱ ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን ነጂው ወርዶ የሚገፋበት እንጂ የሚነዳበት መንገድ ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ተጓዡን መቁጠር

የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራ ነው፤ ቆጠራውም በቢሮ የሥራ ሰዓት ብቻ ሊካሄድ አይገባውም። የአርብ ገበያ ስም ራሱ እንደሚያመለክተው በአካባቢው የሰው እንቅስቃሴ የሚወሰነው በገበያ ቀን ነው። በተራ ማክሰኞ የተቆጠረ መንገድ ባዶ ሊመስል ይችላል፤ ያው መንገድ በገበያ ቀን ከጎሕ ጀምሮ ሰውና ጭነት ይሞላዋል። ስለዚህ ቆጠራው ቢያንስ አንድ የገበያ ቀን፣ አንድ ተራ የትምህርት ቀንና አንድ የበዓል ቀን ሊይዝ ይገባል። እንደ ጨጨሆ መድኃኔዓለም ያሉ የታወቁ የጸሎትና የጠበል ሥፍራዎች የሚስቡትን ተጓዥ በዓመት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው በሚል ከስሌት ማውጣት ስሕተት ነው፤ የመንገዱ ስፋት የሚፈተነው በእነዚያ ቀናት ነው።

ቆጣሪው የሰውን ብዛት ብቻ መመዝገብ አይበቃውም። ተጓዡ ምን ተሸክሟል? ሕፃን አዝሏል ወይ? ውኃ ለመቅዳት ነው ወይስ ለትምህርት የሚሄደው? ከየት ቀበሌ ተነሣ? ከዋናው መንገድ ወጥቶ በየትኛው አቋራጭ ገባ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ አለው። ሕዝቡ በዘመናት ሂደት የመረጠው አቋራጭ አብዛኛውን ጊዜ የመሬቱን ጠባይ ከካርታ በተሻለ ያውቃል፤ የት ረግረግ እንዳለ፣ ወንዙ የት ጠባብ እንደሆነ፣ በክረምት የትኛው መሻገሪያ እንደሚዘጋ ይናገራል። ቆጠራው በበጋ አንድ ጊዜ፣ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ሌላ ጊዜ ከተካሄደ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ድልድይ የሚያስፈልግበትን ቦታ በግልጽ ያሳያል። በክረምት የጠፋው ተጓዥ ፍላጎት ስላጣ አይደለም የቀረው፤ ወንዙ ስለ ሞላበት ነው።

የወንዝ መሻገሪያ

ለዚህ ጉዳይ ከአካባቢው ታሪክ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። በጎጃም በኩል ሞጣን፣ በጎንደር በኩል ቀድሞ በእስቴ ሥር የነበረውን አካባቢ የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት በአባይ ላይ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን አንዱ ቅስቱ ከተሰበረ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የተገናኙት በገመድ ነበር፤ ተሻጋሪው በገመድ ታስሮ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች ጉልበት ክፍተቱ ላይ ይሳብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የዚህን መሻገሪያ ፎቶግራፍ የተመለከተ አንድ አሜሪካዊ ያቋቋመው ግብረ ሠናይ ድርጅት በ2002 ክፍተቱን በብረት አገናኘው። በ2005 የመጣው ጎርፍ ጥገናውን ጠራርጎ ወሰደው። በ2009 በምትኩ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ከዚህ ታሪክ ለዕቅድ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉ። በቅድሚያ፣ ድልድዩ የተሰበረበት ዘመን ሁሉ ሰው መሻገሩን አላቆመም፤ ፍላጎቱ ሕይወቱን ለገመድ አደራ እስከ መስጠት የሚያደርስ ነበር። ሌላው፣ ርካሹ ጥገና የቆየው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በአባይና በበሽሎ ገባሮች ላይ የሚታቀድ የእግረኛ ድልድይ ከፍታው ሊወሰን የሚገባው በበጋ በሚታየው የውኃ መጠን ሳይሆን በአካባቢው ሽማግሌዎች ትዝታና በገደሉ ላይ በቀረው የጎርፍ ምልክት ነው። ተንጠልጣይ ድልድይ በወንዙ መሐል ምሰሶ ስለማይፈልግ ለዚህ ዓይነት ጠባብና ጥልቅ ሸለቆ ተስማሚ ነው፤ ሆኖም የጋማ ከብት ከነጭነቱ እንዲያልፍበት ከተፈለገ ስፋቱና ወለሉ ከመጀመሪያው ለዚያ መታቀድ አለበት። የተጫነች አህያ የምትፈራው ድልድይ ለገበያተኛ ግማሽ ድልድይ ነው።

ስፋት፣ ተዳፋትና ንጣፍ

በተለያዩ አገሮች በተለመደው የዲዛይን አሠራር እግረኛና ብስክሌተኛ በጋራ የሚጠቀሙበት መንገድ ስፋት 3 ሜትር ገደማ ነው፤ ለእግረኛ ብቻ የሚሠራ መንገድ ደግሞ ከማናቸውም መሰናክል ነፃ የሆነ 2 ሜትር ይፈልጋል። በዚህ አካባቢ ከ3 ሜትሩ ጎን፣ ቦታው በፈቀደበት ሁሉ፣ ለጋማ ከብት ያልተነጠፈ የአፈር መስመር መተው ይመከራል። ኮቴ ድንጋይ ካልተነጠፈበት አፈር ላይ ይመቸዋል፤ የተጠቀጠቀው ጠጠርም በኮቴ አይታረስም።

ረጅም ዳገት በ100 ሜትር ርቀት ከ5 ሜትር በላይ እንዳይነሣ ይመከራል። በጋይንትና በስማዳ ገደሎች ላይ ይህን መጠበቅ የሚቻለው መንገዱን በማጠማዘዝ ብቻ ነው። ጥምዝምዙ ግን ከልክ በላይ ከረዘመ እግረኛው ጥሎት በቀጥታ ይወርዳል፤ የእርሱ ዱካ በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆናል፤ ቦረቦሩም መልሶ ዋናውን መንገድ ይበላዋል። ስለዚህ በገደላማ ቦታ ለእግረኛ አጭር የድንጋይ ደረጃ፣ ለብስክሌትና ለጭነት ደግሞ ጥምዝምዝ መንገድ አብረው ቢሠሩ ይሻላል።

መንገድ በሚያልፍበት ጭነት ልክ መሠራት እንዳለበት ይህ አገር ቀድሞ ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ጉዞው ወራት የፈጀው በጋይንት በኩል አልፎ እስከ በሽሎ ማዶ ድረስ ገደሉን እየቆፈሩና ድንጋዩን እየፈነቀሉ ለመድፉ የሚሆን ተዳፋት ማበጀት ስላስፈለገ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በወቅቱ አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል።

ንጣፍን በሚመለከት፣ በከተሞቻችን የተለመደው ኮብልስቶን የአካባቢውን ድንጋይና ጉልበት ስለሚጠቀም ለሥራ ፈጠራ ጥሩ ነው። ይሁንና በደንብ ካልተጠረበ ብስክሌትን ያንገጫግጫል፣ ለተሽከርካሪ ወንበርም አይመችም። በከተማ ክልል ውስጥ ጠፍጣፋ የተጠረበ ድንጋይ፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ በደንብ የተጠቀጠቀ ጠጠር የተሻለ ምርጫ ነው። መረሬ አፈር ባለበት ግን ጠጠሩ ብቻውን አይዘልቅም፤ ከሥሩ የድንጋይ መሠረት፣ ከዳገቱ ወገንም የጎርፍ መፋሰሻ ቦይ ያስፈልገዋል። የመንገድ መብራት በከተማ መግቢያና በድልድይ አጠገብ ቢወሰን በቂ ነው።

መሬት፣ ባለቤትነትና ጥገና

ከአንድ ከተማ ወጥቶ ሌላው የሚደርስ መንገድ ብዙ ባለቤት አለው። በከተማው ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ፣ በዋናው መንገድ ክልል የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ በክልል መንገዶች ላይ የክልሉ መንገድ ቢሮ፣ በቀረው የወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤትና ቀበሌዎች ይመለከታቸዋል። ስለሆነም ከዲዛይን በፊት በዞኑ አስተባባሪነት የጋራ ስምምነት መፈረም ይኖርበታል። ስምምነቱ ስፋቱ በወሰን ላይ እንዳይለወጥ፣ ሥራው ከሁለቱም ወገን በአንድ በጀት ዓመት እንዲጀመርና በወሰን ላይ ያለው ድልድይ ወይም ቱቦ በማን እንደሚጠገን በግልጽ ማስቀመጥ አለበት። የአስተዳደር ወሰን የሚለወጥ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ አንዳቤት ቀድሞ የእስቴ አካል ነበረ። ስምምነቱ የወረዳ ስም ብቻ ሳይሆን የወንዝ፣ የቀበሌና የመንገድ ርቀት መለያ ቢይዝ ወረዳ ሲከፈል አብሮ አይሻርም።

መንገዱ የአርሶ አደር ይዞታ የሚነካ ከሆነ ጉዳዩ የሚመራው ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትን፣ ካሳ የሚከፈልበትንና ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበትን ሁኔታ በሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። አንድ ሜትር ማሳ ለእግር መንገድ መልቀቅ ትንሽ ይመስላል፤ ይዞታው በተበጣጠሰበት አካባቢ ግን ትንሽ አይደለም። ነባሩን የእግር መንገድ መከተል፣ ካልተቻለም በማሳዎች ወሰን ላይ ማለፍ፣ ካሳውንም ክርክሩንም ይቀንሳል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመር አያስፈልግም። ከየከተማው መውጫ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ያለው ክፍል ተማሪና ገበያተኛ ከተሽከርካሪ ጋር በብዛት የሚገናኙበት በመሆኑ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል፤ ቀጥሎ በክረምት የሚዘጉ መሻገሪያዎች፣ በመጨረሻም መካከሉ። ከየተፋሰስ ልማቱ የበጋ ዘመቻ ጋር ተቀናጅቶ ከተሠራ እርከኑና የመንገዱ ቦይ እርስ በርስ አይጣሉም። የጥገናው ዋና ቀን በግንቦት ነው፤ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት በወሰን የሚዋሰኑት ሁለት ቀበሌዎች በአንድ ቀን ወጥተው ቦዩንና ቱቦውን ይጠርጋሉ፣ የድልድዩን ወለልና የገመድ ማሠሪያ የወረዳው ባለሙያ ይመረምራል፣ ውጤቱም በሁለቱም ወረዳዎች መዝገብ ላይ ይሰፍራል።